የሃምሳ አለቃው ውዝፍ እድር

ሚያዝያ 3፣ ጠዋት
እማዬን አጣጥቤ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ ክሊኒክ ልገባ ስል በር ተንኳኳ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ኦቦ ጃርሶ ናቸው። አካም ናጋ ተባባልን፤ ከዚያ ዱብ ዕዳ! ቤቱን የሸጠልኝ ሃ/አለቃ የሦስት ዓመት መዋጮ አልከፈለም፤ ክፈይ አሉኝ። እኔ? አዎ፣ አንቺ። እዚህ ሰፈር እድሩ የግቢው ነው፤ ግቢውን የገዛ ውዝፉንም ገዝቷል። ካልከፈልኩ ድንኳን የለ፣ ቀባሪ የለ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እማዬ አልጋ ላይ ዐረፈ፤ አፈሩም። ደብተሬ፣ ስገዛ ካርታ አየሁ፣ ቆጣሪ አየሁ፣ እድር ግን አልጠየቅሁም። ቸርች አለኝ ብዬ! ቸርቻችን ይዘምራል እንጂ ድንኳን የለው።

ሚያዝያ 5
ለሃ/አለቃው ደወልኩለት። ይስቃል! ቤት ነው የሸጥኩልሽ፣ ሞት አልሸጥኩም ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀመው። ቆይ ብቻ! ደጄ ካልቆመ የእናቴ ልጅ አይደለሁም። እማዬ ለእግዚአብሔር ስጪው ትላለች። እሰጠዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እኔ እጅ ይግባ።

ሚያዝያ 9
ከፈልኩ። ለእማዬ ወተት ያልኳትን ፍየል ሸጬ። የሃ/አለቃውን ስም ከእድሩ መዝገብ ዓይኔ እያየ እንዲሰርዙ አደረግሁ። ጸሐፊው በስሱ ሰረዘ። ድገመው አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሚያዝያ 21፣ 3 ሰዓት
የሃ/አለቃው አባት እዚሁ ነገሌ፣ እድር የሌላት እህቱ ቤት ዐረፉ። ከሚኖርበት አገር በመጀመሪያው መኪና መጥቶ እድሩ ጋ ቢሄድ ስምህ የለም ተባለ። በግቢው ስም ድንኳን የሚያስወጣው አሁን የኔ ፊርማ ነው። በሬ ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። እህቴ ይለኛል! ቤት ነው የገዛሁት፣ ሞት አልገዛሁም ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እማዬ ሰምታ ከአልጋዋ ተነሥታለች። ግድግዳ ተደግፋ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ሽማግሌው ምን አደረጉ ትለኛለች፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ሊውል ነው ወይ?

6 ሰዓት
ፈረምኩ። ለሽማግሌውና ለእማዬ ነው። እሱን ይቅር ያልኩት እንዳይመስለው! ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ፣ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ንፍሮ ሲዞር ሁለቴ እዘግናለሁ፤ እያየኝ። ስነሣ እግዜር ያጥናህ እለዋለሁ። እሱም በሰው ፊት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እግዜር ይስጥሽ ይለኛል። ነገም ይለኛል። ከነገ ወዲያም።

እማዬ ምርኩዜን አቀብዪኝ እያለች ነው። ሄድን።