የእትዬ ኦፓል አምስት ጎራሽ

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ሙቀት። ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ያመኛል። ግሌና "ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ነው የምትሄደው፣ ጭነቷ እንደተንጋደደባት በቅሎ" ትለኛለች። ሚስት ናት፣ ትበል። ሽጉጡ ከነጥይቱ ከባድ ነው፣ ምን ይደረግ? ብረት ነው። ወንድ የሚታጠቀው ብረት ነው።

ሣሩን አጨድኩ። የቲማቲም ሳንድዊች በላሁ። ከሰዓት ፓስተር ዴል ደወለ። የቤተ ክርስቲያናችን ጥበቃ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል፣ ልግባ የሚል ሰው ጠይቆኛል አለ። ማን? እትዬ ኦፓል ላንስፎርድ! የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረችው አሮጊት። ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

እሑድ፣ ጁን 1

ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀችኝ።

"ሮይስ፣ ቡድንህ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ።"

"መሣሪያ አለዎት እትዬ ኦፓል?"

የሱሪዋን ኪስ አፍ ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። አጎንብሼ አየሁ። ያቺው ናት... አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር። ይህቺን ዓይነት ሽጉጥ ድሮም አልወድም። ድብልብል፣ አፈሙዟ አውራ ጣት የማታህል፣ እንቁራሪት የመሰለች። የጋጣ በር ፊቷ ቢያቆሙላት ትስታለች። የሴት ቦርሳ ማሟያ! ሌባ ቢያያት ይስቃል፤ ምናልባት በሳቅ ይሞት ይሆናል።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኩ በልቤ። በአፌ ግን "ለቡድኑ ታንሳለች" አልኳት።

"ያንተስ?"

"የኔ ትልቅ ነው። አያቴ ጦርነት ይዞት የዘመተው ዓይነት።"

"ጦርነት ልትዘምት ነው?"

የመኪናዬን በር ከፍቼ ገባሁ። 

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ፓስተሩ እንደገና ደወለ። እምቢ አልኩ። ቡድኑን የምመራው እኔ ነኝ ወይስ የሴቶች መዘምራን?

ቅዳሜ፣ ጁን 7

የቡድኑ ልምምድ፣ ከኛ ግጦሽ ጀርባ፣ ከአፈር ቁልሉ ሥር። ማንም ሳይጠራት መጣች። የሚታጠፍ ወንበሯን ይዛ! ተራዋን ጠብቃ ተኮሰች። አምስቱም ወረቀቱ ላይ አርፈዋል፣ አልዋሽም። ግን እንደ ዶሮ ጥሬ ተበታትነዋል። የኔዎቹ በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ።

"እትዬ ኦፓል" አልኳት ሁሉም እየሰማ፣ "ሌባው በደንብ እስኪጠጋዎት ቀዝቃዛ ሻይ ያቅርቡለት።"

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ አልተቆጣችም። ወንበሯን አጠፈች። "ጎበዝ ተኳሽ ነህ ሮይስ። እሱን ማንም አይክድህም" ብላ ሄደች። ምን ማለቷ ነው? ከመተኮስ ሌላ ሽጉጥ ምን ሥራ አለው?

ግሌና ሰምታለች። "አሮጊቷን ለምን ታዋርዳታለህ?" አላዋረድኳትም፣ አስተማርኳት።

እሑድ፣ ጁን 15



የአባቶች ቀን። ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ነበር። እኔ ውጭ ፍም ላይ የምጠብሰው የአሳማ ሥጋ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦ። ባቄላው ሆዴን አገላበጠው። የወንዶቹ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ነበረው። የልጆቹ ክፍል አጠገብ ያለው ባዶ ነበር። ገባሁ። ቀበቶ ሲፈታ ከባድ ሽጉጥ ሱሪውን ጎትቶ ወለል ላይ ይዘረጋዋል፣ ከበሩ ሥር ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። ስለዚህ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ። አውጥቼ የውኃ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው። እጄን ስታጠብ ከውጭ "ሮይስ! ሥጋው እያረረ ነው!" ብለው ጮኹ። ወጣሁ።

ሥጋውን አገላበጥኩ። ቀለድኩ። ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ጎኔ ቀለለኝ። እጄን ሰደድኩ... አፎቱ ባዶ።

ሮጥኩ። ክዳኑ ላይ ምንም የለም።

በልጆቹ ክፍል መስኮት አየሁ። ኤማሊን፣ የልጄ የሼልቢ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ከጓደኞቿ ጋር ቀለም ትቀባለች። ማን ወሰደው? የትኛው ልጅ ቦርሳ ውስጥ ነው? ጥይት ጎርሷል። ተቀባብሎ፣ እንዳይተኮስ የሚይዘው ሴፍቲው ብቻ። እንደዚያ ነው የምይዘው። "ያልጎረሰ ሽጉጥ መዶሻ ነው" እያልኩ ሳስተምር ኖሬአለሁ።

ያኔ መጮህ ነበረብኝ። ልጆቹን አስወጡ፣ በሩን ዝጉ ማለት ነበረብኝ። ቡድኑን ያቋቋምኩት ለዚህ አይደል? አልጮህኩም። ቆሻሻ መጣያውን በረበርኩ። ሶፋ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። "ምን ጠፋህ ሮይስ?" ሲሉኝ "ቁልፍ" አልኩ።

ቁልፍ!

ሼልቢ ልጇን ይዛ ስትወጣ እጄን አውለበለብኩላት። ቤት ገብቼ ግሌና የጋገረችውን በላሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚበላው?

ሰኞ፣ ጁን 16

ግሌና ገበያ እንደወጣች እትዬ ኦፓል መጣች። በፎይል የተሸፈነ የመጋገሪያ ሳህን ይዛለች። የታመምኩ መስሏት ምግብ ያመጣች ነው ያልኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፎይሉን ገለጠችው።

ሽጉጤ። ካዝናው ለብቻ። ጎርሶ የነበረው ጥይት ለብቻ።

"ትናንትና ልሰጥህ ነበር" አለች። "ግን ለማን እንደምትናገር ልየው ብዬ ጠበቅኩ። ማታ ፓስተሩ ጋ ደወልኩ፣ ስለ ሌላ ነገር አስመስዬ። አልነገርከውም። ሼልቢ ጋ ደወልኩ። አልነገርካትም። ቁልፍ ጠፍቶበታል አሉኝ።"

ጥይቱን ከሳህኑ ላይ አነሳሁት። እሷ ቀጠለች።

"መርሳት የሰው ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን የተኛ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ረስቼ ቤቴ ገብቻለሁ። ግን ትዝ ሲለኝ አገር እስኪሰማኝ እየጮህኩ ነው የተመለስኩት። አንተ ክብርህን ነው የጠበቅከው፣ ልጆቹን አይደለም።"

"ማን ነው ያገኘው?"

"ኤማሊን። በሩን ስከፍት እጇ እላዩ ላይ ነበር። 'የአያቴ ነው፣ ረስቶት ነው፣ ልወስድለት ነው' አለችኝ።"

ተቀመጥኩ። 

"ጎበዝ፣ ለኔ ተይው፣ እኔ አደርስለታለሁ አልኳት። ይኸው አደረስኩልህ።"

በዚያ ሁሉ መሃል እንኳ ትዕቢቴ አልሞተም። "እርስዎስ መጸዳጃ ቤት ሲቀመጡ የት ያደርጉታል?" አልኳት፣ ያጠመድኳት መስሎኝ።

"የትም። ኪሴ ውስጥ ነው። ሱሪዬ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። ሰው መጸዳጃ ቤት ይገባል ሮይስ። አንተ የመረጥከው ግን እንደማይገባ ሰው ነው።"

በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። "እስከ እሑድ ለሼልቢ ትነግራታለህ። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ። እኔ ደግሞ አሳምሬ አልነግርልህም።"

ረቡዕ፣ ጁን 18

አልነገርኳትም። ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ሼልቢን አውቃታለሁ። ኤማሊንን ዳግመኛ አታመጣልኝም። በየአርቡ እኛ ጋ ነው የምታድረው። አርብ ከሌለ ሳምንቱ ለምኔ ነው?

ለግሌና ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለችኝና ዶሮዎቿን ልትመግብ ወጣች። 

አርብ፣ ጁን 20

ነገርኳት።

ሼልቢ ኤማሊንን ልታደርስ መጥታ ነበር። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ውሻውን ታባርራለች። በረንዳው ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። ክዳኑን፣ የልጅቷን እጅ፣ ቁልፍ ማለቴን።

"ጎርሶ ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"ጠፍቶ ሳለ እኛ ስንወጣ እጅህን አላወዛወዝክልንም?"

"አወዛወዝኩ።"

"አባባ፣ ከዚያስ? ቤት ገብተህ ምን አደረግክ?"

"በላሁ።"

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። "ኤማሊን! ወደ መኪና!" አለች። ልጅቷ "ገና አሁን መጣን እኮ" እያለች ገባች። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ለትንሽ ልጅ ምን ብላ ታስረዳት ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጁን 28

መሣሪያ መሸጫው ሄጄ አምስት ጎራሽ ጠየቅኩ። ሻጩ ሳጥኑን እያወጣ "ለግሌና ነው?" አለኝ። ለኔ ነው አልኩት። ሌሎቹ ደንበኞች እርስ በርስ ተያዩ። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው።

ወደ አፈር ቁልሉ ወሰድኳት። ትናከሳለች! መዳፌ ውስጥ እንደ በቅሎ ትራገጣለች። ምላጯን መሳብ የዛገ በር መክፈት ነው። ጥይቶቼ የዶሮ ጥሬ ሆኑ... ከእትዬ ኦፓልም ብሰዋል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የተባለው ለሷ ነው። ያቺ አሮጊት አምስቱንም ወረቀት ላይ ያሳረፈችው እንዴት ነው? ስንት ዓመት ለፍታባት ይሆን? እኔ ደግሞ ሳቅኩባት።

ሰኞ፣ ጁላይ 7

አሁንም አልወዳትም። አስቀያሚ ናት። ግን ኪሴ ውስጥ ነች። መጸዳጃ ቤት ስገባም፣ ስወጣም። ትልቁን ካዝናው ውስጥ... የብረቱ ካዝና ውስጥ፣ ቆልፌበታለሁ።

አርብ፣ ጁላይ 11

አርብ። ማንም አልመጣም። ውሻው በሩ ላይ ዋለ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

የቡድኑ ልምምድ። ፓስተር ዴልም ነበር። ከኪሴ ሳወጣት ትሬቨር፣ ያ ጎረምሳ መካኒክ፣ በሳቅ ሊሞት ነበር። "ሮይስ! የሴት አያትህን ሽጉጥ ሰረቅህ እንዴ?" ጎኑ ላይ የታጠቀው የኔን ዓይነት ነው። እኔን አይቶ ነው የገዛው። እኔ ነኝ ያስገዛሁት።

"መጸዳጃ ቤት ስትገባ የት ታስቀምጠዋለህ?" አልኩት።

"የት ይሆናል? ክዳኑ ላይ ነዋ" አለና ሌሎቹን አያቸው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ክዳኑ ላይ!

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እትዬ ኦፓል አልተናገረችም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አፈር አፈሩን ታያለች። ሼልቢም ለሰው አላወራችም። አሁንም የቡድኑ መሪ ነኝ፣ ጎበዙ ሮይስ...

ነገርኳቸው። ፓስተሩ ፊት። የልጆቹን ክፍል ስጠራ የትሬቨር ፊት አመድ ሆነ፤ እሱም እዚያ የሚቀመጥ ልጅ አለው። አንዱ "ይቅር፣ በማንም ይደርሳል" ሊል ጀመረ። "አይደለም" አልኩት። "መርሳቱ ይደርሳል። ዝም ማለቱን ግን እኔ ነኝ ያደረግኩት።" ከመሪነት ወረድኩ። ፓስተሩ አላባበለኝም፣ ትክክል ነው።

እትዬ ኦፓልን ዛሬ ቡድኑ ውስጥ አስገቧት። "ጣትህን ጠበቅ አድርግ፣ ስትስባት አትቸኩል" ብላኝ ሄደች። 

እሑድ፣ ኦገስት 3

የሼልቢ መኪና ከአምልኮ በኋላ ግቢያችን ገባ። ግሌና መጋረጃውን ለቀቀችና "ውጣ፣ አትቁም" አለችኝ።

ሼልቢ በረንዳው ሥር ቆመች። የኤማሊን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ነው። አላወረደችውም።

"ለሁሉም ነግረሃቸዋል አሉኝ።"

"ነገርኳቸው።"

"የልጄን ስም ጠራህ?"

"የራሴን ነው የጠራሁት።"

 ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ኤማሊን ከመኪናው ዘላ ወረደች። "አያቴ፣ መጸዳጃ ቤት! መጸዳጃ ቤት!" እያለች በመካከላችን አልፋ ወደ ቤት ሮጠች። እኔ አሁን ነው ከዚያው የወጣሁት። ሼልቢ ፊቷ ነጣ። ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ። የኔ እጅ ደግሞ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ገባ።

አለች። ድብልብሏ፣ አስቀያሚዋ፣ እዚያው ናት።

ሼልቢ እጄን አየች። ኪሴን አየች። ከውስጥ የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ ሲለቀቅና ኤማሊን ስትዘፍን ተሰማ።

"እጇን ትታጠብ" አለች ሼልቢ። ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።