የአባዬ አፍንጫ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እኔ፣ የዚህ ደብተር ብቸኛ ባለቤት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ጤንነቴ የሚከተለውን እናዘዛለሁ... ከስፖርት ካልሲዬ ተረከዙን ቆርጬ የአባዬ ኮፍያ ገበር ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ያልታጠበውን። ሳምንት ሙሉ የሮጥኩበትን። ጥፋቴ ከባድ ነው። ስፌቱ ግን ቆንጆ ነው።

ምን ላድርግ? ጉራው አስመረረኝ! አባዬ አሮጌ በርሜል ገዝቶ፣ አጥቦ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ ይሸጣል። በርሜል ሲመጣለት ክዳኑን ይከፍታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ያስገባና አንዴ ይስባል። ከዚያ ወጥቶ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ዘይት ነበረበት። ለውሃ ይሆናል።» ወይም «ቀለም። ይሄንን ለሰው አልሸጥም።» ሰፈሩ በሙሉ በዚህ አፍንጫ ይምላል። እራት ላይ ደግሞ... «እኔ እኮ ዝናቡ ገና ከተራራው ወዲያ እያለ ይሸተኛል።» እንግዲህ ካልሲዬም ይሽተተው!

ቀኑን ሙሉ ኮፍያውን አላወለቀም። አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ምንድነው እዚህ ቤት የሞተው?» እያለች ፍራሽ ስታገላብጥ የዋለችው እማዬ ናት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ነጭ ሽንኩርት ትራሱ ሥር። ምንም። ላዩ ላይ ተኝቶ አንኮራፋ።

ምሳ ላይ ደግሞ ከእማዬ ጋር ተጣሉ። «ይሄ ምግብ ጣዕም የለውም።» «ትናንትም እንዲሁ ብለሃል፣ ከትናንት ወዲያም!» «ትናንትም አልነበረውማ።» እማዬ ማንኪያዋን ወርውራ ወጣች። እኔ በሳቅ ልሞት... ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ ከፊልም ይበልጣል። ትኬትም የለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጉድ መጣ! አንድ መኪና፣ የሦስት አገር ዩኒፎርም። የእኛው መርማሪ፣ ከድንበሩ ማዶ የመጣች መርማሪ ሴትዮ፣ ከወደቡ አገር የመጣ ቀጭን ረጅም ሰውዬ። ሦስቱም ከፊት ወንበር ካልተቀመጥን ባይ ናቸው አሉ። ስልጣን ማለት መቼስ ወንበር ነው።

ገበያው መሀል ወርደው የሰማያዊ በርሜል ፎቶ አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ነው... የሩቅ አገር ፋብሪካዎች መርዛማ ዝቃጫቸውን በመርከብ ይልካሉ፣ በወደቡ ይገባል፣ በጭነት መኪና ድንበር ይሻገራል፣ ከዚያ የትም ይጣላል። እስከዛሬ አንዱ አገር ሲጠየቅ «እኛ ጋ አይደለም፣ ማዶ ነው» ነበር መልሱ። አሁን አብረው ሊይዙ ተስማምተዋል።

አባዬ ሰዉን ገፍቶ ከፊት ቆመ። «እዚህ ሰፈር መርዝ ቢገባ ቀድሞ የሚያውቀው ይሄ ነው» ብሎ አፍንጫውን በጣቱ መታ መታ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበለት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ያየችው ዓይኑን ነው። ቀልቶ ነበር።

እኛ ግቢም እኮ ሰማያዊ በርሜሎች አሉ። አጎቴ ነው ያመጣቸው። የእማዬ ወንድም፣ የከባድ መኪና ሹፌር። እኔ «ጄኔራል» እለዋለሁ፤ ወታደር ቤት ደርሶ አያውቅም፣ አረማመዱ ግን ሜዳሊያ የተሸከመ ይመስላል። «የሳሙና ፋብሪካ ነው የሰጠኝ» ብሎ ባለፈው ወር ከነጭላጫቸው አራገፋቸው። ያን ቀን ግቢው አፍንጫ በሚበጥስ ሽታ ተሞላ። አባዬ እንደ ልማዱ አንዱ ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብቶ ሳበ። እንባው ዱብ ዱብ። «ይሄ አይሆንም።» ጄኔራል ሳቀበት። «ሳሙና ዓይን አያስለቅስም እንዴ? እጠበውና እየው!» አጠበው። ደግሞ አሸተተ። «አሁን ንጹህ ነው። ምንም አይሸትም።»

ምንም አይሸትም...

እሁድ፣ ጥቅምት 16

አክስቴ ቤት ሄድን። የአባዬ እህት፣ ከእኛ ከፍ ብሎ ካለው መንገድ። የሕፃኑ ጀርባ ተልጧል። የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው።

«ሳሙና ቀይሬ ነው» አለች አክስቴ።

«በምን ውሃ ነው የምታጥቢው?»

«በበርሜሉ ነዋ! የአባትሽ አፍንጫ አሽትቶ ባሳለፈው።»

ሰማያዊ ነው። ጥግ ላይ፣ ንጹህ ጨርቅ ለብሶ፣ እንደ ክቡር እንግዳ ቆሟል።

ሕፃኑን አቀፍኩት። ማልቀስ እንኳ ደክሞታል። ካልሲው... ነጭ ሽንኩርቱ... ጣዕም የሌለው ምሳ... ለካ ስስቅ የሰነበትኩት በዚህ ነው?

«አክስቴ፣ ከሱ አትቅጂ። አይጥ ሲገባ ያየሁ መሰለኝ።» ጮኸች፣ ክዳኑን ደፋችበት፣ ከጎረቤት ልትቀዳ ሄደች። ዕድሜዬን ሙሉ ከዋሸሁት የረባው ይሄ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ብቻውን ነበር። «ዓይንህን ጨፍን፣ ጨዋታ ነው።» ላምባ የነከርኩትን ጨርቅ አፍንጫው ሥር ያዝኩ።

«ምንድነው?»

ሳበ። ቆየ... «ውሃ።»

ዓይኑን ገለጠ። ጨርቁን አየ። እኔን አየኝ። አልገረመውም! ያውቃል... ከእኔ በፊት ያውቃል።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«አትናገሪ፣ ቅመም።» ቅመም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ምላሴ ስለሚያቃጥል። «በዚህ አፍንጫ ነው የምንበላው። ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል።»

«ሕፃኑስ?»

«ሕፃን ሽፍታ አያጣም።»

«ከሰማያዊዎቹ ለስንት ቤት ሸጥክ?»

እጁን አየሁት። ጥፍሩ ዙሪያ ተልጧል፣ ልክ እንደ ሕፃኑ ጀርባ።

«አባዬ፣ ንጹህ ነው ያልከው እኮ አፍንጫህ ስለሞተ ነው!»

እጁን አነሳ... መልሶ አወረደው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። መርማሪዎቹ ቢሮ ሄድኩ፣ የድንበሩ ኬላ አጠገብ። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የሦስቱ አገር ካርታ በፕላስተር ተያይዟል። ሴትዮዋ ብቻዋን ነበረች።

«እኔ በዚህ አገር ማዘዝ አልችልም» አለችኝ። «መስማት ግን እችላለሁ። ተቀመጪ።»

ነገርኳት። ስለ ጄኔራል፣ ስለ በርሜሎቹ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ አፍንጫው። «እንደማይሸተው በምን አወቅሽ?» «ልጁ ነኛ።» ካልሲውን አልነገርኳትም። አንዳንድ ነገር የቤተሰብ ነው።

የእኛው መርማሪ ሲመጣ ተቆጣ። «ቃሏ መጀመሪያ በእኛ በኩል መወሰድ ነበረበት!»

«ወንድሜ» አለችው፣ «ሕፃኑ የሚታመመው በየትኛው በኩል ነው?»

የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሮጠው ወጡ። ማን ከፊት እንደተቀመጠ ማንም አላስታወሰም።

እኔ ግን ወንበሩ ላይ ቀረሁ። አባቴን ሸጥኩት? ወይስ ሕፃኑን አተረፍኩት? ሁለቱንም በአንድ ጠዋት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ነጭ ልብስ፣ ጭንብል፣ ጓንት። ቤት ለቤት ሰማያዊ በርሜል አወጡ። ሰው ደንግጦ ውሃውን ቦይ ውስጥ ሊደፋ ሲሮጥ «አትድፉ! አትንኩት!» የሚል ጩኸት። ጎረቤቶቹ ቆመው አዩን። እኛን፣ ግቢያችንን። አንዷ ሴትዮ አጥራችን ላይ ተፋች። ባለፈው ስታጨበጭብለት አይቻታለሁ።

አባዬን ወሰዱት። ኮፍያውን አድርጎ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ለእማዬ «ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር» አላት።

ልጅቷ።

ሕፃኑ ሆስፒታል ተኝቷል።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ጄኔራል ደወለ። እማዬ እጇ ሊጥ ስለነበር ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ።

«ማዶ ነኝ። ድንበሩን ከተሻገርኩ ማን ይነካኛል?» ሲስቅ ይሰማኛል።

«መርዝ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«እኔ ሹፌር ነኝ እህቴ። የማውቀው መሪ ነው።»

«ልጅ ታሟል እኮ!»

«አንቺ ደግሞ... ጥቂት ቀን ነው፣ ይረሳል።»

በሊጥ እጇ ስልኩን ዘጋችው። ጄኔራል ድንበሩ ዛሬም ግድግዳ ይመስለዋል። የሴትዮዋን አገር ነው መደበቂያ ያደረገው!

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ጄኔራል ተያዘ። የእኛው መርማሪ የመኪናውን ሰሌዳ ልኮላቸው፣ የሴትዮዋ ሰዎች ምሳ እየበላ ያዙት። «እዚህ ልትነኩኝ አትችሉም!» እያለ ነበር አሉ፣ እጁ ታስሮ።

እማዬ አለቀሰች። ወንድሟ ነው። ሳህኔን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችልኝ። ዓይኔን አላየችም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አባዬ በዋስ ወጣ። ከስቷል። በር ላይ ቆሜ እያየኝ እማዬን «ልጅቷ በልታለች?» አላት። እዚያው ቆሜ!

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሐኪሙ የአፍንጫው ነገር አበቃለት ብሏል። አይመለስም።

ሕፃኑ ከሆስፒታል ወጣ። ቆዳው እየዳነ ነው፣ ኩላሊቱን ግን ገና እየመረመሩ ነው። አክስቴ አዝላው በበራችን አለፈች። ድሮ ሳትገባ አልፋ አታውቅም። አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ግቢው ባዶ ነው። በርሜሎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ክብ ክብ ምልክት ቀርቷል፣ ሣር አይበቅልበትም። ከአጥሩ ጥግ፣ ድሮ ከበርሜሎቹ ጀርባ ከምደበቅበት ቦታ ነው የምጽፈው። አሁን የሚደብቀኝ ነገር የለም።

አባዬ ነገ ከሦስቱ መርማሪዎች ጋር ወደ ወደቡ አገር ይሄዳል። ሊመሰክር። ማንም አላስገደደውም። የዝቃጩ ባለቤቶች እዚያ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። «ምን ብለው እንደሰጡኝ፣ እኔም ምን ብዬ እንደሸጥኩ እናገራለሁ» አለ። ለእማዬ። አፍንጫው በማስረጃነት ድንበር ሊሻገር ነው... ፓስፖርት ሊያወጡለት ይገባል። ይሄን ቀልድ ድሮ ቢሆን ፊት ለፊት እለው ነበር።

ትናንት ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። የወተት ብርጭቆውን አንስቶ ትንሽ አየው። ከዚያ ሳይናገር ወደ እኔ ገፋው። አሸተትኩት። «ደህና ነው» አልኩ። ጠጣው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን በረንዳው ላይ ለመንገዱ ኮፍያውን እየቦረሸ ነው... ቆመ። ገበሩን ገለበጠ። ኧረ ጉዴ!

«ይሄን ማነው የሰፋው?»

«እኔ አይደለሁም» አለች እማዬ። «የእኔ ስፌት እንዲህ አይጣመምም።»

ይጣመማል?! ክሩን በጥፍሩ በጠሰው። ተረከዟን አወጣት። እጁ ለምዶበት ወደ አፍንጫው ወሰዳት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ... ምንም። ለእማዬ አስጠጋላት። እማዬ ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች።

አባዬ ካልሲዋን ይዞ ቆሟል። እንደማይሸተው በምን እንዳወቅኩ አሁን ገባው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል... እየሳቀ ነው? እያለቀሰ? ከዚህ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ዞረ። አጥሩን እያየ ነው። አየኝ...

«ቅመም!»