የእህታቸውን ናሙና ዳግም የመረመሩት ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሰናበታቸው የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ባልደረቦቻቸው «ቆይ ቆይ» እያሉ የሚጠሯቸው አክስታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ስለነበር፣ ልጅ ሳሉ የመላጊያ ድምፅ ካልሰሙ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው እየነገሩ ያስቁን ነበር።

እናታቸው ሲያርፉ ገና ተማሪ ነበሩ። ታናሽ እህታቸውን ፀጉሯን እየሠሩ፣ እያስጠኑ፣ ሲያስፈልግም እየተቆጡ አሳደጓት። እህታቸው እስከ መጨረሻው «እትዬ» ከማለት በቀር በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም።

በ1970 ዓ.ም. በሕክምና ተመርቀው፣ ፓቶሎጂንም አጥንተው፣ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት በሚገኝ ላቦራቶሪ ሥራ ጀመሩ። ከሕመምተኛ የተወሰደውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያዩ ክፉውን ዕጢ ከደጉ መለየት ሥራቸው ሆነ። ውጤት ቶሎ እንዲሰጡ ሲወተወቱ «ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» ስለሚሉ ቅጽል ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። በ1974 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም።

በ1990 ዓ.ም. እህታቸው ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ናሙናውን ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈቀዱም፣ ራሳቸው አዩት። ዕጢው ትንሽ፣ የሴሎቹም መልክ የረጋ ነበር። «አይዞሽ፣ ይኼ ቀስ የሚል ዓይነት ነው» አሏት። እሷም «እትዬ፣ አንቺ ካልሽ አበቃ» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ውጤቱ እንዲህ ስለነበር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌላ መድኃኒት አልተሰጣትም። በሽታው ግን በጉበቷ ተመለሰ፤ በ1993 ዓ.ም. ትንሽ ሴት ልጇን ለእርሳቸው ትታ አረፈች። ይህን ታሪክ የጻፈችው ያቺ ልጅ ናት።

በ1998 ዓ.ም. ላቦራቶሪው አዲስ ምርመራ አገኘ። ሴሎች ለመከፋፈል ሲነሱ የሚያወጡትን ፕሮቲን ቡናማ አድርጎ የሚያሳይ ነው። ቡናማው ከበዛ፣ ዕጢው ላይ ላዩን ጨዋ ቢመስልም፣ ፈጥኖ የሚያድግና የመመለስ ዕድሉም ከፍ ያለ መሆኑን ይጠቁማል። አክስታችን በሰም ውስጥ ተጠብቆ የኖረውን የእህታቸውን ናሙና አስወጥተው በዚሁ መረመሩት። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ አገኙት።

ያን ዕለት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው፣ «የእናትሽን አየሁት። ቀስ የሚል አልነበረም» አሉ። ልጅቱም «ያኔ እኮ ምርመራው አልነበረም፤ በምን ሊያውቁ ይችሉ ነበር?» አለቻቸው።

«አልነበረም። ‹አላውቅም› ማለት ግን እችል ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የጡት ካንሰር ናሙና ሁሉ በዚህ ምርመራ እንዲያልፍ ከአለቆቻቸው ጋር ተሟግተው አስፈቀዱ። ከምድር ቤቱ ወጥተው ወደ ሕሙማን ክፍል መሄድም ጀመሩ፤ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ለሴቶቹ በግልጽ ያስረዱ ነበር። መድኃኒት አልወስድም ብላ የነበረች አንዲት ዳቦ ጋጋሪ በእርሳቸው ምክር ጀምራ ዳነች፤ ዛሬም በመካከላችን ቆማለች። እሷ ልታመሰግናቸው ስትመጣ አቅፈው ሳሟት። ማታ ግን ባለቤታቸውን «ደስ ብሎኛል። የኔዋን ግን አይመልስልኝም» አሏቸው። ባለቤታቸው «በቃ፣ ተይው እንጂ» ሲሏቸው ኖሩ፤ መተው አልሆነላቸውም። እኛም ያን ሸክም ልናወርድላቸው ሳንችል መቅረታችን ይቆጨናል።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ እንደ ልጅ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ፣ «አያቴ» የሚሏቸው ሁለት ልጆቿና የላቦራቶሪ ባልደረቦቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ለሌላው ሰው ያልነፈጉትን ምሕረት ለራሳቸው ሳይሰጡ ሄደዋል፤ እርሱን ፈጣሪ ይስጣቸው።