ትልልቆቹና ትንንሾቹ ግዛቶች ስለታረቁብኝ

ፊላደልፊያ፣ መስከረም 1787

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ላረቀቃችሁ ክቡራን የጉባኤው አባላት፦

ከሁሉ አስቀድሜ፣ መስኮቱ በተዘጋ አዳራሽ የሐምሌን ሙቀት ችላችሁ አዲስ መንግሥት ላዋለዳችሁት ለእናንተ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ላባችሁን ከእኔ በላይ የሚመሰክርላችሁ የለም፤ ሸሚዞቻችሁን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

እኔ ነፃ ነኝ፤ እህቴ ሐጋር ግን የአንድ የቨርጂኒያ ተወካይ ባሪያ ናት። በግንቦት አጋማሽ አብራው መጣች። የእኛ ግዛት ሕግ ደግሞ ከሌላ ግዛት የመጣ ባሪያ እዚህ ስድስት ወር ከቆየ ነፃ ነው ይላል። ስለዚህ በማጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ አንድ የከሰል ጭረት ታሰምር ነበር። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው፦

1. ትልልቆቹ ግዛቶች «በሕዝብ ብዛት እንወከል»፣ ትንንሾቹ «በእኩል ድምፅ» ብለው ሰኔን ሙሉ ሲናቆሩ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሐጋር የጌታዋን ልብስ ይዛ በመጣች ቁጥር፣ «ዛሬም አልታረቁም! ከትንንሾቹ አንዱ ጥዬ እሄዳለሁ እያለ ነው። ይጣሉ እቴ፣ እስከ ኅዳር ይጣሉልኝ!» ትለኝ ነበር። ስለ ጸባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

2. በሐምሌ ግን ታረቃችሁ፤ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሌላው ለትልቁም ለትንሹም እኩል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ ዝሆኖች ሲታረቁም ሳሩ እንደማይተርፍ አስተማራችሁን። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ቀለጠፈ፤ ባለፈው ሳምንት ጨርሳችሁ ተበተናችሁ። ሐጋርን ከጌታዋ ሻንጣ ጋር ሠረገላ ላይ ሲጭኗት፣ እያወቀችው፣ «ስንት ጭረት ቀረኝ?» ብላ ጮኸችልኝ። ስምንት ነበር።

3. ጋዜጣው ላይ የወጣውን ስምምነታችሁን አስነበብኩ። የሐጋር ጌታ ግዛት በመጀመሪያው ምክር ቤት ወንበር እንዲበዛላት፣ አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠራል። ትንሿ ግዛት በትልቁ እንዳትዋጥ ሁለተኛ ምክር ቤት ሠራችሁላት። እህቴ እንዳትዋጥ ግን አንዲት ጎጆ እንኳ አልተሠራላትም።

ለክቡርነታችሁ አንገቷን ደፍታ፣ እጇ በሳሙና ተልጦ፣ የሸሚዛችሁን እድፍ እንጂ ሌላውን ማስለቀቅ ያቃታት፣

ኬዛያ ፔንሮዝ፣ ልብስ አጣቢ

ማስታወሻ፦ ከሐጋር ያልቆጠራችሁት ሁለት አምስተኛ የማንም ካልሆነ፣ እባካችሁ እሱን ብቻ መልሳችሁ ላኩልኝ። ስምንት ሳምንት ነው የሚቀረው።