የኦኖ ሦስት ስኒ ሻይ እና ጤነኛው ማሽን

ለተከበሩ ዶክተር ፎልክማር ኤንገልብረክት፣ የባሕር ግድብ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነትና በደረቅ ወለል ላይ እንዲያገኝዎ የግሮስዲል መንደር ነዋሪዎች ከልብ እንመኛለን።

ስለ ጥቅምቱ ጎርፍ ላወጡት ባለ ስድሳ ገጽ ሪፖርት እናመሰግናለን። የማስጠንቀቂያው ማሽን ጤነኛ እንደሆነ፣ ወይዘሮ ጌሼ ሃርምስ በገዛ ኩሽናቸው የሰጠሙት በማስጠንቀቂያ ጣቢያው ጠባቂ በኦኖ ቲያደን ጥፋት እንደሆነ፣ እሱም ሰኞ በዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት እንደሚቆም ተረድተናል። ከሪፖርቱ የቀረውን ጥቂት ነገር ለመጨመር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ሕይወታችንን ሌላ ማንም ለማይጠቀምበት ብርቅ ማሽን አደራ ስለሰጡልን እናመሰግናለን። ባሕሩ ላይ ካለው የውሃ መለኪያ መልእክት ሲመጣ፣ መልእክቱን የሚቀበለው የኔትወርክ ካርድ ማሽኑን «ሥራህን አቋርጠህ ስማኝ» ብሎ መጥራት አለበት። በዚህ ማሽን ላይ ጥሪው መንገድ ላይ ይጠፋል። የቁልፍ ሰሌዳው ጥሪ ግን ይደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ቁልፍ ሲነካ ማሽኑ ይነቃና ሲጠብቅ የቆየውንም መልእክት አብሮ ያነሣል።

ሁለተኛ፣ ባለሙያ ሦስት ጊዜ ስለላኩልን። ሦስቱም ቁጭ ብለው በቁልፍ ሰሌዳው ትእዛዝ ሲጽፉ ማሽኑ ያለ እንከን ሠራ። «ጋሽ ኦኖ፣ ይሄ እኮ ከሁለታችንም ጤነኛ ነው!» አለ አንደኛው። ኦኖ «እስቲ እጅህን አንሣና አሥር ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ» ቢለው፣ «ዝም ብዬ ለመቀመጥ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳሁት?» ብሎ ሳቀ። «ብልሽት አልተገኘም» ብሎም ፈረመ።

ሦስተኛ፣ የማሽኑን ሶፍትዌር በነጻ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች «ማሽኑ እጃችን ላይ የለም፤ አንድ አውሱንና እንየው» ብለው ሲጽፉ፣ ክቡርነትዎ «የመሥሪያ ቤት ንብረት ለባዕድ አይሰጥም» ብለው ስለጠበቁት። ንብረቱ ዛሬም ደረቅ ነው።

ኦኖ አራት ዓመት ሙሉ ማዕበል ባለበት ቀን ሁሉ ተቀምጦ ቁልፍ ሲነካ ኖሯል። በጎርፉ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቱ ቤት ሻይ ሊጠጣ ሄደ። በእኛ ዘንድ ከሦስተኛው ስኒ በፊት የሚነሣ እንግዳ የቤቱን እመቤት እንደ ሰደበ ይቆጠራል። አርባ ደቂቃ ቆየ፤ ውሃው የተነሣው በዚያ መካከል ነው። ተመልሶ ቁልፉን ሲነካ የተጠራቀሙት ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ገቡ፣ የመንደሩ የማስጠንቀቂያ ሳይረንም ጮኸ። በምርኩዝ ይሄዱ የነበሩት ወይዘሮ ጌሼ ግን ያን ጊዜ ውሃው ውስጥ ነበሩ።

ኦኖ ራሱን አይከላከልም። «ተነሥቼ ሄጃለሁ፤ ምን ልበል?» ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ የአንድ ሽማግሌ ሻይ እንዴት ሰው ገደለ? ሰኞ ማሽኑን ወደ አዳራሹ ያስመጡት፤ ከመለኪያው ማስጠንቀቂያ ይላክ፤ ክቡርነትዎም ጉባኤውም እጃችሁን አጣጥፋችሁ ሳይረኑን ጠብቁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ትጋት ባለን ወሰን የሌለው አድናቆት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሃይኮ ያንሰን፣ ከግሮስዲል

ማስታወሻ፦ በኦኖ ቦታ ለሚቀጠረው ጠባቂ ያወጡትን ማስታወቂያ አነበብን። «በማዕበል ሰዓት ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት ፈጽሞ የማይነሣ» ይላል። በአራት ዓመት ውስጥ ለማሽኑ የተደረገለት የመጀመሪያው ጥገና ነውና እናመሰግናለን።