ስለ ሰበርኳት የሶኬት እግርና ስለተቆረጠው የወይዘሮ ዘይቱና መብራት

ለክቡር አቶ ኃይለየሱስ
የግቢያችን የመብራት ኮሚቴ ሰብሳቢና የቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ያዥ
አፍንጮ በር

ጉዳዩ፦ በእኔ ማመልከቻ የተቆረጠው መስመር እንዲቀጠል ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የወገብዎን ጤና እጠይቃለሁ። ቆጣሪው ሳጥን ዘንድ ለመድረስ መሰላሉን የወጡበትን ቅልጥፍና ከደጃፌ ቆሜ ስላየሁ ሕመሙ ፈጽሞ እንደተወዎት ተስፋ አለኝ፤ ለመቁረጥ ያን ያህል ከቀለለዎት ለመቀጠል መልሰው ቢወጡም እንደማይከብድዎት አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግቢያችን በር ላይ ለሚያነቡ ሁሉ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ከጋዜጣ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ስቲል ጊታር እጫወታለሁ፤ ጭን ላይ አጋድመው፣ ክሩን በብረት ዘንግ እየዳሰሱ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሬ፣ እንደ ንብ ቀፎ ይጥዝ ጀመር። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ዘይቱና ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ስለፈረሰ በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይተው የኤሌክትሪክ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ተከሉ። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። እኔም ሁለቱን ነገር ደመርኩና የጥዝታው ምንጭ የእሳቸው ሞተር ነው የሚል የአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩልዎት። በማግስቱ ጠዋት መስመራቸውን ቆርጠው ማስታወቂያ ለጠፉ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ወደ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓለምወርቅ ጣሪያ ያዘነበለው ምሰሶ ሦስት ማመልከቻ ቀርቦበት ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንዳዘነበለ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ አምፖልም ከተቃጠለ ሁለት ፋሲካ አልፎታል። የእኔ ማመልከቻ ግን እርስዎ ዘንድ ያደረችው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ የተፋጠነ ፍትሕ አላየሁም፤ ያረፈው በተሳሳተ ሰው ላይ መሆኑ ብቻ ትንሽ ያጎድለዋል።

2. ስለ እምነትዎ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬን ሲቀበሉ «ጋሽ እስጢፋኖስ፣ እርስዎ የጻፉት እኮ ምርመራ አያስፈልገውም» ብለውኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአርታኢነት ስሠራ የተወቃሹ መልስ የሌለበትን ጽሑፍ ሁሉ «ሰውየው ምን አለ?» ብዬ ለጻፈው እመልስ ነበር። ለእርስዎ ያስረከብኩት ገጽ ልክ እንደዚያው ያለ ነበር። ወይዘሮ ዘይቱናን አልጠየቅኳቸውም፤ በራቸው ከእኔ በር አሥራ አራት እርምጃ ነው። እርስዎም ገጹን አልመለሱልኝም፤ አብረን በሠራነው ስሕተት ግን የእኔ ድርሻ ከእርስዎ ያነሰ ነው ልል አልችልም።

3. ስለ ማስታወቂያው። «የሚረብሸው ድምፅ ምንጩ ተደርሶበት እርምጃ ተወስዷል» ይላል፤ የወይዘሮ ዘይቱና ስም ከነአባታቸው ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አምፕሊፋየሬን ስከፍት ጥዝታው እንደነበረ ነበር። ዘንጉን ክሩ ላይ ሳሳርፍ ይቀንሳል፣ ሳነሣ ይመለሳል። እጄን የሚያውቅ ጥዝታ ከጎረቤት ሞተር ሊመጣ እንደማይችል ለመገመት የኤሌክትሪክ ትምህርት አያስፈልግም። ወዲያው አጥፍቼ ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አሥራ ሰባት ቀን አልነካሁትም። ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁ ጠፋ አለ፤ እርስዎም በእድሩ ስብሰባ ላይ ኮሚቴዎ ውጤት ማስመዝገቡን ተናገሩ፤ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከሌላው ጋር አጨበጨብኩ።

4. ለአራተኛው ቁጥር ለእርስዎ የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ይህኛው የእኔው ጥፋት ነው።

በእነዚያ ቀናት ወይዘሮ ዘይቱና ብርሃን ፍለጋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በእጅ ይሰፉ ነበር። ስገባና ስወጣ ቀና ብለው ሰላም ይሉኛል። አንድ ቀን መርፌያቸውን ይዘው «ጋሼ፣ በእኔ ተቀይመው ነው መጫወቱን የተዉት? እኔ እኮ በሱ ዜማ ነበር የምሰፋው» አሉኝ። ጉሮሮዬን እንዳመመኝ አስመስዬ አለፍኩ። ስቲል ጊታር በጉሮሮ እንደማይጫወቱት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

በማግስቱ አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ፒያሳ፣ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው አማኑ ዘንድ ወሰድኩት። አማኑ ካቻቢቴውን ሳያነሣ ገመዱን ጫፉ ድረስ በጣቱ ተከተለና ሶኬቱን አገላብጦ አየ። «ይቺን ሦስተኛዋን እግር ማን ሰበራት?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። የሰበርኩበትንም ምክንያት ነገርኩት፦ በየካቲት መጨረሻ ለዓይኔ ብርሃን ብዬ ወንበሬን ከጥጉ ወደ መስኮቱ አዛወርኩ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የግድግዳ ሶኬት የጥንት ነውና ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ሦስተኛዋ እግር አልገባ ስትል በፒንሳ ነቀልኳት። በዚህ አካባቢ ያረጀ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን እንደሚያደርግ ለአማኑ ባስረዳው «እሱማ ባያደርግ እኔ ምን እበላ ነበር» አለኝ። ያቺ እግር መሣሪያውን ከመሬት ጋር የምታገናኘው ናት፤ እሷ ስትሰበር ክሩን ሲነካ በእሷ ፈንታ መሬት የሚሆነው የተጫዋቹ እጅ ነው፤ ለዚህ ነው ስነካው ዝም የሚለው። አዲስ ሶኬት ገጠመልኝ፤ ወንበሬንም ወደ ድሮው ጥግ፣ ባለ ሦስት ቀዳዳው ዘንድ መለስኩ። ጥዝታው የለም።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት ይህንኑ በቃል ላስረዳዎት ደጅዎ መጥቼ ነበር። «ድምፁ እንደሁ ቆሟል፤ ያለቀን ነገር ለምን እንነካካዋለን?» አሉኝ። የቆመው እኔ ስላቆምኩ ነው ስልዎት፣ ለመቀጠል የኮሚቴው ሙሉ ስብሰባ፣ የግቢው ስድስት አባወራዎች ፊርማና አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ እንደሚያስፈልግ ገለጹልኝ። ለመቁረጥ አንድ ካቻቢቴ በቅቶ ነበር። ደንቡን እንዲህ አጥርተው ስላወቁ፣ ዘግይተውም ቢሆን፣ አደንቅዎታለሁ።

ከእርስዎ ደጅ ቀጥታ ወደ ወይዘሮ ዘይቱና ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያሉኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ «አሥራ ሰባት ቀን፣ ጋሼ?» አሉ። ቀጥሎ፣ ይቅርታዬን እዚያው ደጃፋቸው ላይ ልጨርሰው ስል፣ «የእኔ ስም የተለጠፈው በሩ ላይ ነው፤ የእርስዎም በሩ ላይ ይለጠፋ» አሉ። ይህ ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን የተለጠፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በማመልከቻዬ ያቀረብኩት ውንጀላ ሐሰት መሆኑን፣ ሐሰት መሆኑንም አውቄ አሥራ ሰባት ቀን ዝም ማለቴን አረጋግጣለሁ። ወይዘሮ ዘይቱናን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎም መስመራቸውን እንዲቀጥሉ፣ ማስታወቂያውንም ስማቸውን ባሰመሩበት እጅ እንዲያነሡልን በትሕትና አመለክታለሁ።

ሳልጠየቅ ለታመንኩበት ሁሉ ባለዕዳዎ፣ መሰላሉንም ወድደው በሚወጡበት ቀን ከሥር ለመያዝ ዝግጁ የሆንኩ ጎረቤትዎ፣

እስጢፋኖስ አባይነህ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘይቱና፣ በሩ አጠገብ
ለአማኑ፣ ከተሰበረችው እግር ጋር
ለራሴ፣ ማመልከቻ ለመጻፍ በተነሣሁ ቁጥር እንዲነበብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለ ሁለት ቀዳዳው የመስኮት ሶኬት ሥራ ፈትቶ ስለነበር ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከእሱ ገመድ ስቤ፣ በመስኮቱ አውጥቼ፣ ለወይዘሮ ዘይቱና መኪና ሰጥቻለሁ። ይህን ስጽፍ መኪናዋ እየሰፋች ነው፤ አምፕሊፋየሬም አጠገቤ ተከፍቶ ዝም ብሏል። «መስመሩን ለሌላ ያሳለፈ መስመሩ ይቆረጣል» የሚለውን የደንባችሁን አንቀጽ አውቃለሁ፤ መሰላሉም ካስቀመጡት ቦታ አልተነሣም። በዚህኛው ግን፣ ከመውጣትዎ በፊት በሬን አንኳኩተው ጥፋተኛ መሆኔን እንዲጠይቁኝ እለምናለሁ። ነኝ።