የላፍቶ ጋጋኖዎች

ጥር 23 ቀን 1970
የባዮሎጂ አስተማሪያችን መምህር መኩሪያ የቤት ሥራ ሰጡን። የሰፈራችሁን የዱር እንስሳና ተክል እያያችሁ ጻፉ አሉ። ላፍቶ ሜዳን መረጥኩ። ለምን? ከቤት ስለሚያርቀኝ ብቻ።
ቤት ውስጥ የወጋየሁን ስም የሚያነሳ የለም። ወንድሜን ከገደሉት ወዲህ... ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። ቀበሌ እማዬን ጠርቶ፦ "ለጸረ አብዮት አይለቀስም። ድምፅ ብንሰማ ሌላም ልጅ አለሽ..." ብሏታል።
ሌላው ልጅ እኔ ነኝ።

ጥር 26
ሜዳው ይቀፋል። የሞተ አህያ ላይ ጥንብ አንሳ ሰፍሯል። መላጣ አንገቱን አህያው ሆድ ውስጥ ይከትና በደም ተነክሮ ያወጣዋል። ወጋየሁንስ የት ጥለውት ይሆን?
ይሄን ለመምህር መኩሪያ አልጽፍም። ተክል፦ ግራዋ፣ ሳማ። ሳማው ለበለበኝ።

ጥር 30
ጋጋኖ። ከወፍ ሁሉ የጠላሁት እሱን ነው። በቆልማማ ምንቃሩ እበት እየገለበጠ ትል ይለቅማል። ስጠጋው መንጋው ሁሉ ተነስቶ ይንጫጫል። ጆሮ ይበሳል! ኩበት ለቃሚዎቹ ሲያልፉ ግን ዝም። ለምዷቸዋል መሰለኝ።

የካቲት 2
እማዬም ከጎረቤቶቻችን ከእትዬ ውብነሽና ከእትዬ ሐሚዳ ጋር ኩበት ለቀማ ጀመረች። እኛ ቤት ከሰል እንጂ ኩበት ነድዶ አያውቅም። እጇ እበት እበት ይሸታል። በዚያው እጇ ልታጎርሰኝ... ፊቴን አዞርኩ።
"ምነው ልጄ?"
"ይቀፋል።"
እትዬ ውብነሽ ከበር ላይ፦ "ጌታው! በሹካ እናጉርስህ?"
እማዬ ሳቀች። ልጇ ሞቶ ሳቀች! እሷም አስጠላችኝ።

የካቲት 4
ከእማዬ ጋር አልተነጋገርንም።

የካቲት 7
ጋጋኖ ፍለጋ እስከ ወንዙ ወረድኩ። ከገደሉ ሥር ጩኸት... ጋጋኖ መስሎኝ ነበር።
ሴቶቹ ናቸው። ቅርጫታቸውን አስቀምጠዋል። እማዬ መሀል ላይ ነጠላዋን አደግድጋ ደረቷን ትደቃለች። "ወጋዬ! አፈር እንኳ የነፈጉህ ወጋዬ!" ሌሎቹ ይቀበሏታል። ቀጥሎ የእትዬ ውብነሽ ተራ ሆነ። "ንግስቴ! ልጄ!" አሉ። ንግስት ገጠር ሄደች ብለውን አልነበር?
ለካ ኩበቱ ሰበብ ነው...
እማዬ አየችኝ። ሁሉም ቅርጫታቸውን አነሱ።
"እዚህ ምን ታደርጋለህ?"
"ጋጋኖ... ለትምህርት ቤት።" ደብተሬን አሳየኋቸው። "እንግዳ ሰው ሲመጣ ይነሳል። እናንተን ለምዷችኋል።"
እትዬ ውብነሽ አፍንጫቸውን ጠረጉ። "እንግዲያ ጌታው፣ ጉብታው ላይ ሁንና ወፍህን ተመልከት።"

የካቲት 12
ጉብታው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጋጋኖዎቹ ብድግ አሉ። ዞር ብል የቀበሌው አብዮት ጠባቂ መዝገቡ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። ከታች የሴቶቹ ድምፅ ተቆረጠ።
"ቅድም ሲጮህ የነበረው ምንድነው?"
"ጋጋኖ ነው ጓድ።" የቤት ሥራዬን አሳየሁት።
"የሰው ለቅሶ ነው የሚመስለው።"
"ሲሰበሰብ እንደዚያ ነው።"
ወፎቹ አናታችን ላይ እየዞሩ አንባረቁ። ምራቁን እንትፍ አለ። "ቀፋፊ ፍጥረት!"
"በጣም እንጂ ጓድ።"
ሄደ። ወፎቹ ተመልሰው እበታቸውን መገልበጥ እስኪጀምሩ ጠበቅኩና ወረድኩ።
"ሄዷል" አልኳቸው።
እማዬ ያንን የሚሸት እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። እትዬ ሐሚዳ ከመሀል ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። "ና የኔ ልጅ። ያንተ ተራ ነው።"
ጥበቃውን ለወፎቹ ተውኩና "ወጋዬ!" ብዬ ጮህኩ። ጋጋኖ እንኳ እንደዚያ አይጮህም።